እየመሩ ፋውል ይሠራል ወይስ አይሠራም?

የ3 ነጥብ ብልጫና የመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ጣጣ

እ.ኤ.አ. ጁን 18 ቀን 2013 ሚያሚ ላይ የተደረገውን የኤንቢኤ ፍጻሜ ስድስተኛ ጨዋታ ያየ ሰው ቢጫዋን ገመድ አይረሳትም። ጨዋታው ሊያልቅ 28 ሰከንድ ሲቀረው ሳን አንቶኒዮ ስፐርስ ሚያሚ ሂትን 94ለ89 እየመራ ነበር። ይቺን ካሸነፈ ዋንጫው የሱ ነው። የሜዳው ሠራተኞች ለሽልማቱ ሥነ ሥርዓት ሕዝቡን የሚከለክሉበትን ቢጫ ገመድ ይዘው ዳር ዳር ቆመዋል። ከባለሜዳዎቹ ደጋፊዎች ተስፋ የቆረጡት ወጥተው መሄድ ጀምረዋል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የቅርጫት ኳስ አፍቃሪ ሁሉ በቃሉ ይዞታል። ሌብሮን ጄምስ ከሩቅ አገባ፣ 94ለ92። የስፐርሱ ካዋይ ሌናርድ ከሁለት ነጻ ውርወራ አንዱን ሳተ፣ 95ለ92። ልዩነቱ 3 ነጥብ፣ የቀረው 19 ሰከንድ! ሌብሮን በድጋሚ ከሩቅ ሞክሮ ሲስት ክሪስ ቦሽ ከቀለበቱ ሥር ኳሷን ለቀመና ወደ ጥግ ለወጣው ሬይ አለን ሰጠው። አለን ወደኋላ ተራምዶ፣ እግሩን ከመስመሩ ውጪ ተክሎ ለቀቃት። 5.2 ሰከንድ ሲቀር 95ለ95። ሚያሚ በተጨማሪ ሰዓት 103ለ100 አሸነፈ። ከሁለት ቀን በኋላ ሰባተኛውን ጨዋታም 95ለ88 ረትቶ ዋንጫውን አነሳ። ገመዱም ተጠቅልሎ ወደ ነበረበት ተመለሰ።

ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ያልተቋረጠ አንድ ጥያቄ አለ። የስፐርሱ አሰልጣኝ ግሬግ ፖፖቪች ለምን ፋውል አላሠሩም? ሌብሮን ኳሷን እንደያዘ አንድ ሰው እጁን ጠለፍ ቢያደርገው ኖሮ ሚያሚ የሚያገኘው ሁለት ነጻ ውርወራ ነው። ሁለቱንም ቢያገባ 95ለ94 ነው፣ ስፐርስ አሁንም ይመራል። ከሁለት ውርወራ ሶስት ነጥብ አይገኝም።

ነገሩ በወሬ ደረጃ እንዲህ ቀላል ነው። ታዲያ ለምንድን ነው የዓለም ታላላቅ አሰልጣኞች ዛሬም ድረስ ያልተስማሙበት?

በመጀመሪያ ጥያቄው ራሱ አዲስ መሆኑን ማወቅ ደግ ነው። በወወክማና በየዩኒቨርሲቲው ሜዳ ድሮ ቅርጫት ኳስ የተጫወቱ አባቶቻችንን ብትጠይቋቸው ግራ ይገባቸዋል። በነሱ ጊዜ 3 ነጥብ መምራት ማለት ተጋጣሚህ ሁለት ጊዜ ማግባት አለበት ማለት ነበር፣ ከየትም ቢወረወር የሚገኘው ሁለት ነጥብ ነውና። የሶስት ነጥብ መስመር ወደ ኤንቢኤ የገባው እ.ኤ.አ. በ1979 ሲሆን የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን (ፊባ) ደግሞ በ1984 ነው የተቀበለው። መስመሩ ሲሰመር የ3 ነጥብ ብልጫ ረከሰ። በአንድ ውርወራ የሚሰረዝ ብልጫ ሆነ። ፋውል ይሠራ አይሠራ የሚለው ክርክርም የዚያ መስመር ልጅ ነው።

እስቲ ሒሳቡን እንየው። ቁጥሮቹን እኔ ለምሳሌ የወሰድኳቸው ናቸው፤ አንባቢ የራሱን ቡድን አይቶ ሊቀይራቸው ይችላል። ጥሩ ተኳሽ ያለው ቡድን በተከላካይ ፊት ከሩቅ ቢሞክር ከ100 ጊዜ 30ውን ያገባል እንበል። ካገባ እኩል ሆነ፣ ተጨማሪ ሰዓት ተገባ፣ እዚያ ደግሞ ዕድሉ እኩል በእኩል ነው። ስለዚህ ፋውል ሳይሠራ በመከላከል የቆመ ቡድን ከ100 ጊዜ 15ቱን ይሸነፋል ማለት ነው።

ፋውል ቢሠራስ? ሁለት ሰከንድ ብቻ ቀርቷል እንበል። ተጋጣሚ የመጀመሪያውን ነጻ ውርወራ ማግባት፣ ሁለተኛውን ሆን ብሎ መሳት፣ ኳሷ ቀለበቱን ነክታ ስትመለስ መልቀም፣ እንደገና ማግባት አለበት። አራት ነገር በተከታታይ! በዚያ ላይ ነጻ ውርወራ ሲወረወር ቀለበቱ አጠገብ ያለውን ቦታ የሚይዙት ተከላካዮች ናቸው፤ በመስመሩ ላይ ሶስት ለሁለት ይበልጣሉ። የመጀመሪያውን ከ100 ጊዜ 80 ቢያገባ፣ ከነዚህ ውስጥ የተመለሰችውን ኳስ 12 ጊዜ ቢለቅማት፣ ግማሹን ቢያገባት 6 ጊዜ እኩል ይሆናል። ከዚያ ተጨማሪ ሰዓት ላይ ግማሹን ቢያሸንፍ 3። እንግዲህ 15 እና 3 ነው። ይህን ያየ ሰው አሰልጣኝ ሁሉ እብድ ነው እንዴ ሊል ይችላል።

ግን ሁለት ሰከንድ ብቻ ቀርቷል ማለት በወረቀት ላይ ነው የሚቀለው። 12 ሰከንድ ቢቀርስ? ተጋጣሚ ሁለቱንም አግብቶ ልዩነቱን 1 ያደርገዋል። ወዲያው ያንተን ልጅ ፋውል ይሠራበታል። አሁን ነጻ ውርወራ መስመር ላይ የቆመው ያንተ ልጅ ነው። ከሁለት አንዱን ከሳተ ብልጫህ 2 ነው፤ ተጋጣሚ በሁለት ነጥብ እኩል ይሆናል፣ በሶስት ነጥብ ደግሞ እዚያው ይገድልሃል። በራስህ ፋውል ጨዋታውን አስረዘምክ፣ ለተጋጣሚህ ኳስ እየመለስክ ሰጠህ ማለት ነው።

ይህ ደግሞ ተረት አይደለም። እ.ኤ.አ. ሜይ 5 ቀን 2025 በምዕራቡ ግማሽ ፍጻሜ የመጀመሪያ ጨዋታ ኦክላሆማ ሲቲ ተንደር በሜዳው ዴንቨር ናጌትስን እየመራ ነበር። አሰልጣኝ ማርክ ዳግኖልት እየመሩ ፋውል ማሠራት የሚወዱ ሰው ናቸው፤ ያን ምሽትም 3 ነጥብ እየመሩ ሰዓቱ ገና ሳያልቅ አሠሩ። ልዩነቱ ወደ 1 ነጥብ ወረደ። ቀጥሎ የተንደሩ ቼት ሆልምግረን ሁለት ነጻ ውርወራ ተሰጠው፤ ሁለቱንም ሳተ። ዴንቨሮች ኳሷን ይዘው ሮጡ፣ አሮን ጎርደን 2.8 ሰከንድ ሲቀር ከሩቅ አስቆጠረ፣ 121ለ119 አለቀ። በማግስቱ ዳግኖልትን ያልወቀሰ አልነበረም። (ተንደር ያንን ፍልሚያ 4ለ3 አሸንፎ በዚያው ዓመት ሻምፒዮን መሆኑ ሌላ ጉዳይ ነው። ያሸነፈ አሰልጣኝ ስህተቱ ቶሎ ይረሳለታል።)

አሁን ወደ ሌላኛው ጎን እንሂድ። እ.ኤ.አ. አፕሪል 7 ቀን 2008 ሳን አንቶኒዮ ከተማ፣ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ፍጻሜ፣ ሜምፊስ ከካንሳስ። ሜምፊስ 2 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ሲቀር 60ለ51 ይመራል። ዘጠኝ ነጥብ! ከዚያ ነጻ ውርወራው እምቢ አለ። በመጨረሻዋ ደቂቃና ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ ከተሰጣቸው 5 ነጻ ውርወራ 4ቱን ሳቱ። 10.8 ሰከንድ ሲቀር ዴሪክ ሮዝ ከሁለት አንዱን አገባና 63ለ60 ሆነ። ልዩነቱ 3።

አሰልጣኝ ጆን ካሊፓሪ ፋውል እንዲሠራ ፈልገው ነበር፤ ከጨዋታው በኋላም ይህንኑ ተናግረዋል። ሆኖም የካንሳሱ ሼሮን ኮሊንስ ኳሷን እየነጠረ መጣ፣ ሊወድቅም ደረሰ፣ ዳኛው ግን ፊሽካ አልነፋም። ኳሷ ለማሪዮ ቻልመርስ ደረሰች፣ ቻልመርስ ዘሎ ለቀቃት፣ 2.1 ሰከንድ ሲቀር 63ለ63። ተጨማሪ ሰዓት ላይ ካንሳስ 75ለ68 ጨረሰው። ሜምፊሶች ምን ይሠራ እንደሆነ ያውቁ ነበር፤ ያቃታቸው መሥራቱ ነው። ከሚሮጥ ሰው ጋር እየሮጡ፣ በትክክለኛዋ ቅጽበት፣ ዳኛ በሚያየው መልኩ፣ ግን ደግሞ ከመጠን በላይ ሳይገፉ ፋውል መሥራት ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። በልምምድ ያልተሠራ ነገር በፍጻሜ ሰዓት አይመጣም።

በነገራችን ላይ ይኸው ቻልመርስ ከአምስት ዓመት በኋላ ሬይ አለን ያንን ኳስ ሲያገባ የሚያሚ ቋሚ ተሰላፊ ነበር። የሰውየው ዕድል!

ኮቢ ብራያንትም በዚሁ መዝገብ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2004ቱ ፍጻሜ ሁለተኛ ጨዋታ ዲትሮይት ፒስተንስ ሎስ አንጀለስ ላይ 89ለ86 እየመራ አሰልጣኝ ላሪ ብራውን ፋውል አላሠሩም። ኮቢ በሪቻርድ ሀሚልተን እጅ ላይ አሻግሮ 2.1 ሰከንድ ሲቀር እኩል አደረገ፣ ሌከርስ በተጨማሪ ሰዓት 99ለ91 አሸነፈ። ዲትሮይት ግን ቀጣዮቹን ሶስት ጨዋታዎች በሜዳው በተከታታይ አሸንፎ ዋንጫውን 4ለ1 ወሰደ።

አንድ ጨዋታ ለዚህ፣ አንድ ጨዋታ ለዚያ እየጠቀሱ መከራከር ግን ማለቂያ የለውም። ቁጭ ብሎ የቆጠረ ሰው የለም ወይ? አለ። ጆን ኢዝኮዊትዝ የተባለ የሀርቫርድ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ2010 የ2009/10 የዩኒቨርሲቲዎች ውድድርን አገላብጦ አንድ ቡድን በጨዋታው መጨረሻ 3 ነጥብ እየመራ ተጋጣሚው ኳስ የያዘበትን 443 አጋጣሚ ሰበሰበ። በ391ዱ መሪው ቡድን ፋውል አልሠራም፤ ከነዚህ የተሸነፈው 33 ጊዜ ነው። በ52ቱ ፋውል ሠራ፤ 6 ጊዜ ተሸነፈ። በመቶኛ ስንመታው ያልሠሩት 8.4 ያህሉን፣ የሠሩት 11.5 ያህሉን ተሸነፉ። ልጁ ራሱ ልዩነቱ ይሄኛው ይሻላል ለማለት እንደማይበቃ ነው የደመደመው። 52 ትንሽ ቁጥር ነው፤ ሁለት ጨዋታ ወዲህ ቢሆን መልሱ ይገለበጣል።

ስለዚህ ወረቀት ላይ አምስት እጥፍ የሚመስለው ጥቅም ሜዳ ላይ ሲወርድ ይጠፋል። የት ጠፋ ቢባል ዳኛው ባልነፋት ፊሽካ፣ ፋውሉ ሲሠራ ለመወርወር በተነሳች እጅ፣ ሆልምግረን በሳታቸው ሁለት ውርወራዎች ውስጥ ነው። ለመወርወር በተነሳች እጅ ያልኩት በጣም አደገኛው ነው። ተጫዋቹ ከሶስት ነጥብ መስመር ውጪ ለመወርወር ሲነሳ ከነካኸው ሶስት ነጻ ውርወራ ነው። እንደምንም ካገባት ደግሞ ሶስቱ ይቆጠርና አንድ ይጨመርለታል። እየመራህ የነበረ ሰው በአንድ ፊሽካ ተመሪ ትሆናለህ።

እስካሁን ያወራነው የአሜሪካ ነው። እኛ አገር የሚሠራበት የፊባ ሕግ ደግሞ የራሱ ወጥመድ አለው። ጨዋታው በ10 ደቂቃ የሚከፈሉ አራት ሩቦች ነው። በአንድ ሩብ አንድ ቡድን አራት ፋውል እስኪሞላ ተራ ፋውል ነጻ ውርወራ አያሰጥም፤ ከአምስተኛው ጀምሮ ሁለት ውርወራ ነው። እንግዲህ እየመራ ያለ ቡድን በመጨረሻው ሩብ ሁለት ፋውል ብቻ ከሠራ ኪሱ ውስጥ ሁለት ነጻ ፋውል አለው ማለት ነው። ሰዓት እያስቆረጠ፣ ተጋጣሚውን ከጎን መስመር እያስጀመረ ሰከንዶቹን ሊበላ ይችላል። ይህን የማይጠቀም አሰልጣኝ እንቅልፍ ላይ ነው።

ወጥመዱ እዚህ ጋ ነው። ተከላካዩ ኳሷን ለመንካት ሳይሞክር ሰውየውን ዝም ብሎ ካቀፈው ወይም ማልያውን ከጎተተ ዳኛው ስፖርታዊ ያልሆነ ፋውል ብሎ ሊነፋ ይችላል። ቅጣቱ ሁለት ነጻ ውርወራና ኳሱም ለነሱ! 3 ነጥብ እየመራህ ይህን ከሰጠህ በገዛ እጅህ በሩን ከፍተህ ግቡ ማለትህ ነው። ስለዚህ ፋውሉ ኳስ ፍለጋ መምሰል ብቻ ሳይሆን መሆን አለበት።

አሁን ይህን ሁሉ ይዘን ወደ ይፋት እንውረድ። የሸዋ ሮቢት ልጃገረዶች ለውድድር ወደ ደብረ ብርሃን ወጡ እንበል። ከ1,300 ሜትር አካባቢ ከሆነው ቆላ ተነስተው ደብረ ሲናን አልፈው፣ ጣርማ በርን ወጥተው፣ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው የሚጫወቱት። በመጨረሻው ሩብ ትንፋሽ ያጥራል፣ እግር ይከብዳል። የደከመ ሰው ነጻ ውርወራ የምትበላሸው በእጅ ሳይሆን በእግር ነው፤ ኳሷ አጥራ ከቀለበቱ ፊት ትመለሳለች። ሸዋ ሮቢቶች በ3 ነጥብ ይመራሉ። 8 ሰከንድ ቀርቷል። ሰዓቱን የያዙት ጠረጴዛው ላይ ያሉት ሰውዬ ናቸው፣ በእጅ ሰዓት።

ፋውል ይሥሩ? እኔ አይሥሩ ባይ ነኝ። በዚህ ደረጃ ተከላካይ እላይዋ ቆሞባት ከ6.75 ሜትር የምታገባ ልጅ ብዙ አትገኝም፤ ከ100 አስር እንኳ ብንል ለጋስ ነን። በሌላ በኩል ሪባውንድ ላይ ቦታ የመያዝ ልምድ ገና አልዳበረም፣ የተሳተ ነጻ ውርወራ ማንም እጅ ሊገባ ይችላል። ሁለተኛውን ሆን ብላ መሳት አያስፈልጋትም፣ ሳትፈልግም ትስተዋለች። ደክማ የመጣችዋ የሸዋ ሮቢት ልጅ ደግሞ በአጸፋው ነጻ ውርወራ መስመር ላይ ቆማ ጨዋታውን እንድትጨርስ መጠየቅ ከባድ ነው። ፋውሉም በልምድ ማነስ ማቀፍ ይሆንና ኳሱን ጭምር ያስወስዳል። ይልቅስ መስመሩ ላይ ቆመው፣ እጅ ወደ ላይ፣ ከሩቅ አታስወርውሩ፣ ወደ ውስጥ ገብታ ሁለት ነጥብ ብታገባ ተዋት ብሎ መንገር ይበቃል። ለትልልቅ ቡድኖች፣ ከ6 ሰከንድ በታች ሲቀር፣ ኳስ የያዘው ሰው ጀርባውን ለቀለበቱ ሰጥቶ ሲነጥር ግን ፋውሉን እደግፋለሁ። ፖፖቪችም ቢሆኑ ሌብሮን ስቶ ቦሽ ከለቀመ በኋላ ሜዳው ላይ ማንም ማንንም የሚያዝበት ጊዜ አልነበረም። ቀድሞ ካልተወሰነ አልተወሰነም። ጣርማ በርን የሚያውቅ የጭነት ሾፌር ማርሽ የሚቀንሰው ከላይ፣ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ነው።

ሌላው የሚነሳው ነገር ነውር አይደለም ወይ የሚለው ነው። እየመራህ፣ በሕግ የተከለከለውን ሆን ብለህ መሥራት? እኛ አፍሪካውያን ይህን ጥያቄ ስንሰማ ቶሎ የሚመጣብን እ.ኤ.አ. ጁላይ 2 ቀን 2010 ነው። ጆሃንስበርግ፣ ጋና ከኡራጓይ፣ 1ለ1፣ የተጨማሪው ሰዓት የመጨረሻ ቅጽበት። ሉዊስ ሱዋሬዝ ወደ ግብ የምትገባዋን ኳስ በእጁ መለሰ። ቀይ ካርድ አየ፣ አሳሞአ ጂያን ፍጹም ቅጣት ምቱን አግዳሚው ላይ መታው፣ ኡራጓይ በመለያ ምት 4ለ2 አለፈች። በዚያ ቀን ያልተቃጠለ ኢትዮጵያዊ ካለ ኳስ አይወድም ማለት ነው። ግን ቁጭ ብለን ስናስበው ሱዋሬዝ የሕጉን ዋጋ ከፍሏል፤ ዋጋው ከወንጀሉ ያነሰ መሆኑ የሕግ አውጪዎቹ ጥፋት ነው። የቅርጫት ኳሱ ፋውል ደግሞ ከዚያ ይለያል። የሚገባ ነጥብ አይሰርዝም፤ ሶስት ነጥብ የመሞከር ዕድልን በሁለት ነጻ ውርወራ ይለውጣል። እኔ በበኩሌ ነውር ነው አልልም። ለተመልካች ግን አሰልቺ ነው፣ ይሄን ማንም አይክድም። ሰው ትኬት ቆርጦ የሚገባው ሬይ አለንን ለማየት ነው፣ ማን ነጻ ውርወራ ሲወረውር ለማየት አይደለም።

ኤንቢኤም ቢሆን ጉዳዩን ነካክቶ ትቶታል። ከ2022/23 ጀምሮ ፈጣን መልሶ ማጥቃትን ለማቆም ሆን ተብሎ የሚሠራ ፋውልን በአንድ ነጻ ውርወራና ኳስ በመመለስ ይቀጣል፤ የመጨረሻዎቹን ሁለት ደቂቃዎች ግን ከዚህ ሕግ ነጻ አድርጓቸዋል። ኒክ ኢላም የተባሉ የዩኒቨርሲቲ መምህር ደግሞ ከነጭራሹ ሰዓቱን አጥፉት አሉ። መጨረሻ ላይ ሰዓት ይቆምና ግብ የሚሆን ነጥብ ይቀመጣል፣ መጀመሪያ እዚያ የደረሰ ያሸንፋል። ሰዓት ከሌለ ሰዓት ለማስቆም ወይም ለመብላት ፋውል የሚሠራ የለም። ኤንቢኤ ይህን እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2020 ቺካጎ ላይ በኮከቦች ጨዋታ ሞከረው፤ ከጥቂት ሳምንታት በፊት ለሞተው ኮቢ መታሰቢያ በመጨረሻው ሩብ 24 ነጥብ ተጨምሮ ግቡ 157 ሆነ። ጨዋታው አንገት ለአንገት ሄዶ በሌብሮን ቡድን 157ለ155 አሸናፊነት አለቀ። የማሸነፊያዋን ነጥብ ያገባው አንቶኒ ዴቪስ ነው፣ በነጻ ውርወራ።